የንስ የሚባል ዘመድ የለንም

የልጅ ልጄ ስም ጄንሰን ነው። ለንደን ተወልዶ አማርኛው ቢኮላተፍ አልከፋም፤ እንጀራ በሹካ ሲበላም አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። ስሙ ግን አልዋጥልኝ ብሏል። ዕድሜዬን የፈጀሁት መዝገብ ቤት ነው። እዚያ ሰው በራሱ ስም ይገባል፣ የአባቱ ይከተላል፣ ሞክሼ ከበዛ የአያቱ ይታከላል፣ ፋይሉም ይገኛል። በዚህ ሥራ ያረጀ ሰው ስም ሲሰማ «የማን ልጅ?» ሳይል አያልፍም። የዚህ ልጅ ስም ደግሞ ሳይጠየቅ ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን ሐሰት ነው። ጄንሰን ማለት የየንስ ልጅ ማለት ነው። አባቱ የደብረ ማርቆስ ሰው፣ እናቱ የእኔ ልጅ። በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጥሬያለሁ፤ የንስ የሚባል ዘመድ የለንም።

«አባዬ፣ የወደድነው እኮ ብርቅ ስለሆነ ነው» ትለኛለች ልጄ።

ብርቅ! እስቲ ኮፐንሃገን ሄዳ ይህን ትናገር። የንሰን (ባለቤቶቹ «ጄ» አይሉም፣ «የ» ነው የሚሉት) ከኒልሰንና ከሃንሰን ጋር ሆኖ የዴንማርክን የቤተሰብ ስም ዝርዝር ከላይ ይዞ የኖረ ስም ነው። ዴንማርኮቹ ሲሸሹት የኖሩትን እሷ ብርቅ ብላ አነሣችው።

ከሥሩ ላስረዳ፤ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። ዓመቶቹን በእነሱው አቆጣጠር እጽፋለሁ። ዴንማርኮች ድሮ ደንበኛ ሰዎች ነበሩ፤ አጠራራቸውም እንደኛ ነበር። የየንስ ልጅ ሃንስ፣ ሃንስ የንሰን ይባላል፤ የእሱ ልጅ ኒልስ ደግሞ ኒልስ ሃንሰን ነው እንጂ የንሰን አይደለም። ሴት ከሆነች መጨረሻው «ዳተር» ይሆናል። ሁሉም የገዛ አባቱን ስም ይዞ ይኖራል፣ የአያት ስም በጊዜው ይሸኛል። ከዚያ መንግሥት ገባበት። መጀመሪያ በ1771 ለሽሌስቪግ ግዛት፣ ኋላም በ1828 ለዴንማርክ ትእዛዝ ወጣ፤ ልጅ ክርስትና ሲነሣ የማይለወጥ የቤተሰብ ስም ይውጣለት ተባለ። ባላገሩ ቶሎ እሺ አላለም፣ ብዙ ጊዜ አንገራገረ። በመጨረሻ ግን ስሙ ባለበት ረጋ። አባቱ የንስ ሆኖ የተገኘ ሁሉ እስከ ዘሩ የየንስ ልጅ ሆኖ ቀረ፤ ሴቶቹም ጭምር።

አገሩ በየንሰን ተጥለቀለቀ። በ1904 መንግሥት ራሱ ሕግ አውጥቶ፣ በ«ሰን» የሚያልቅ ስም የሰለቸው ሌላ እንዲወስድ በሩን ከፈተ። ችግሩ ዛሬም አለቀቃቸውም። ከ1993 እስከ 2011 ተከታትለው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሦስት ሰዎች ሦስቱም ራስሙሰን ናቸው። ወንድማማቾች እንዳይመስሏችሁ፤ የሥጋ ዝምድና የላቸውም። ሕዝቡ ቢቸግረው በመካከለኛ ስማቸው ኒሩፕ፣ ፎግ፣ ሎከ እያለ ለያቸው። ስዊድኖቹ በዚህ በኩል ይሻላሉ። አንድ የጦር ክፍል ውስጥ አንደርሶን ሲበዛባቸው ለወታደሩ «ፈጣን» ወይም «ደፋር» የሚል አጭር ስም ይሰጡት ነበር። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ላለ ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የፈረስ ስም መሆኑ ነው። ያንን ስም አውጪ ስዊድናዊ ባገኘው ቡና እጋብዘው ነበር።

የንሰኖቹን ስመረምር ሌላ ጉድ አገኘሁ። በ1944 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል የተሸለመው ደራሲያቸው ዮሐንስ የንሰን ይባላል። የሒሳብ ሰዎች እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠሩትን ቀመር በ1906 ያወጣው ደግሞ ዮሃን የንሰን ነው። የዚህኛው እንጀራ የኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ነበር፤ በመሐንዲስነት እንጂ በስልክ ማውጫ አዘጋጅነት አለመቀጠሩ እግዜር ቢወደው ነው። ወደ እኛ ሲመለሱ ሁለቱም ዮሐንስ ወልደ ዮሐንስ ናቸው፤ የንስ ማለት የዴንማርኮች ዮሐንስ ነዋ! ይህን እንዳወቅሁ ልጄን ጠራኋት።

«ልጁ ለካ ወልደ ዮሐንስ ነው። ታዲያ ለምን ወልደ ዮሐንስ አላላችሁትም?»

«ውይ አባዬ! እሱማ የሽማግሌ ስም ነው።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ይህ ከኋላ የነበረ ስም እንዴት ፊት እንደተሰለፈ ብትጠይቁ፣ ጣጣው የጀመረው ከስደት ነው። የዴንማርክ ስደተኞች የንሰንን ተሸክመው አሜሪካ ገቡ፤ ዩታ ላይ በረከቱ። አሜሪካኖች ደግሞ የቤተሰብ ስም አንሥተው ለሕፃን መጠሪያ ማድረግ ይወዳሉ። በ1978 ዳላስ የተወለደው ጄንሰን አክልስ ተዋናይ ሆኖ በቴሌቪዥን ዓመታት ሙሉ አጋንንት ሲያሳድድ ኖረ፤ ስሙም አብሮት በየቤቱ ገባ። ኢንቪዲያ የተባለውን ኩባንያ በ1993 ከመሠረቱት አንዱ ጄንሰን ሁዋንግ ግን ታይዋን የተወለደ ነው፤ ጄን-ሱን የሚለውን የቤት ስሙን ለፈረንጅ ምላስ አቀናው። እሱን አልወቅስም፣ የነካካው የራሱን ነው።

የእኛን ቤት ያጠፋው የመኪና እሽቅድምድም ነው። አማቼ ፎርሙላ ዋን ሲያይ ቤቱ ቢቃጠል አይነሣም። በ2009 ሻምፒዮን የሆነውን ጄንሰን ባተንን ያመልከዋል። የባተን አባትም የመኪና ተወዳዳሪ ነበር፤ ልጁ በ1980 ሲወለድ ኤርሊንግ የንሰን በሚባል ዴንማርካዊ ወዳጁና ተፎካካሪው ስም ጠራው። በዚያው ስም የሚጠራ የእንግሊዝ መኪና ስለነበረ፣ ልጁ ከመኪና ጋር እንዳይምታታ አንዲት ፊደል ለወጠበት። አያችሁ፣ ያ ሰው ወዳጅ ነበረው! አማቼ ዴንማርካዊ ወዳጅ የለውም። እኛ ቤት የገባ የዴንማርክ ነገር ቢኖር፣ ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና፣ መርፌና ክር ታስቀምጥበት የነበረው የብስኩት ቆርቆሮ ብቻ ነው።

ባተን ካሸነፈ ወዲህ ስሙ እንግሊዝ አገር በዝቷል። መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ቆሜ ስጣራ ሌላ ሕፃን ዞሮ ያየኛል። ይኸው ብርቁ።

የወንዱስ ይሁን። በ1984 በወጣ አንድ ፊልም ላይ ከባሕር የወጣች ባለ ዓሣ ጅራት ሴት፣ የኒው ዮርክን የመንገድ ምልክት አይታ ስሜ ማዲሰን ይሁን አለች። ለቀልድ ነበር። አሜሪካ ግን የምሯን ወስዳ ሴት ልጆቿን ማዲሰን፣ ማዲሰን ስትል ከረመች። ሴቷን ልጅ «የእገሌ ወንድ ልጅ» ብሎ መጥራት! በዚህ ላይ ምንም አልጨምርም።

ስም ሲረጋ ምን እንደሚመጣ ከዴንማርኮች ቀጥሎ የምናውቀው እኛ ስደተኞች ነን። ክሊኒክ ስቀመጥ ነርሷ የምትጣራው አባቴን ነው። አባቴ ካረፉ ስንት ዘመን! መጀመሪያ ሰሞን ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር፤ ኋላ ተነሥቼ «እሳቸው የሉም፣ እኔ ልግባ?» ማለት ጀመርኩ። አባቴ በሕይወት ሳሉ ሐኪም ቤት ረግጠው አያውቁም፤ ዛሬ በለንደን የደም ግፊት መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል።

የልጁም የልደት ወረቀት እንዲሁ ነው። መጨረሻ ላይ የቆመው የአማቼ አባት ስም ነው፤ እዚህ አገር እስከቀሩ ድረስ ዘር ሁሉ በእሳቸው ሊጠራ ነው። ከፊት የንስ፣ ከኋላ እሳቸው። እኔስ? በአገራችንም የእናት አባት በስም አይገባም ልትሉኝ ነው፤ አውቃለሁ፣ አትንገሩኝ። ቢሆንም እዚያ ቦታዬን ለዴንማርክ አይሰጡብኝም ነበር። ያኛው አያት ከደብረ ማርቆስ ሲደውሉ «ስም ምን አለው፣ ዋናው ጤና ነው» ይላሉ። ምን ይክፋቸው!

አንዳንዴ ተነሥቼ አይስላንድ ልሂድ ያሰኘኛል። እነሱ እምቢ ብለው ቀርተዋል። ዛሬም ወንዱ የአባቱን ስም «ሶን»፣ ሴቷ «ዶቲር» ብላ ትይዛለች፤ በ1925 ጭራሽ አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝን በሕግ ከለከሉ። የስልክ ማውጫቸው የተደረደረው በራስ ስም ነበር። በ1980 ፕሬዚዳንት የተመረጡት ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር ለአገሬው ቪግዲስ ናቸው፤ ማንም አባታቸውን ፊንቦጊን ከመቃብር አይጠራም። ብርዱ ባይኖር መዝገብ ቤታቸው ገብቼ በማግስቱ ሥራ በጀመርኩ።

አሁን ልጄ ደግማ አርግዛለች። ማቀዝቀዣው በር ላይ የስም ዝርዝር ተለጥፏል፤ አንደርሰን አለበት፣ ላርሰን አለበት፣ ሴት ከሆነች ማዲሰን። መነጽሬን አውልቄ ራቴን ያለ ቃል በላሁ። ዝምታዬ አስፈርቶት መሰለኝ፣ አማቼ ጉሮሮውን ጠራርጎ «አባባ፣ እንግዲያው በእርስዎ ስም ላይ ‹ሰን› ብንጨምርበትስ?» አለኝ።

እያሾፈብኝ እንደሆነ ፊቱን አየሁት፤ የምሩን ነው። ነውር ነው፣ አያቴ ያወጡልኝን ስም የዴንማርክ ጅራት አትቀጥልበትም ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን በልቤ አንድ ሁለቴ ብጠራው ለጆሮ አይከፋም።

«ሴት ከሆነችስ?» አልኩት።

«ያው ነዋ፣ አባባ።»

«ያው አይደለም። ለሴት ዶቲር ነው የሚባለው። ጻፈው።»