ከቁምሳጥን አናት የተገኘ ካርቶን፦ የመስክ ጥናት

ጥናቱ የተካሄደው በእናቴ መኝታ ቤት፣ ከቁምሳጥኑ አናት ላይ ነው። እዚያ በሲባጎ የታሰረ የ21 ኢንች ቴሌቪዥን ካርቶን አለ። ቴሌቪዥኑ ከሞተ ቆይቷል፤ ካርቶኑ ግን የቤተሰቡን የገና ጌጥ ታቅፎ በሕይወት አለ። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እናቴ ከገብርኤል ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ «በሉ ያንን ካርቶን አውርዱልኝ» ትላለች። የሚወጣውም ወንበሩን የሚይዘውም የታወቀ ነው። የዚህ ጥናት አቅራቢ ወደ ሙያው የገባው በወንበር ያዥነት ነው።

በ1967 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ የታወቀው አካባቢዋ በነበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ነው። እኛ ካርቶን ውስጥ አመድ የለም፤ ጋዜጣ አለ። እያንዳንዱ የመስታወት ኳስ በአዲስ ዘመን ገጽ ተጠቅልሏል። ስለዚህ ኳሱን መመርመር ሳያስፈልግ የጋዜጣውን ቀን ማንበብ ይበቃል። ኳሶቹ በ1989 ካርቶኑ ውስጥ እንደገቡ በዚህ መንገድ ያለ አንዳች ጥርጥር ተረጋግጧል። ዘዴው እስካሁን እንከን አልተገኘበትም።

ከኳሶቹ በታች አሮጌው መብራት ይገኛል። ሃያ አምፖሎች በአንድ ሽቦ ተሰልፈው 220 ቮልቱን ስለሚካፈሉ ለእያንዳንዳቸው 11 ቮልት ይደርሳቸዋል። ነገሩ እንደ ዕቁብ ነው፤ አንዱ ከከዳ ማኅበሩ በሙሉ ይጨልማል። ከዳተኛውን ለማግኘት አባቴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አምፖሎቹን አንድ በአንድ ይነቅላል፣ ይነፋል፣ ይመልሳል። መንፋቱ በፊዚክስ መጻሕፍት ባይጠቀስም አንድ ዓመት ሠርቷል።

ከዚያ ሥር ደግሞ የአክስቴ መብራት አለ። ከዋሽንግተን በሻንጣ የመጣው ይህ ጌጥ ለ120 ቮልት የተሠራ ነበር። በተሰካበት ቅጽበት ሳሎናችን ከዚያ በፊትም በኋላም ያላየውን ብርሃን አየ፤ ቀጥሎ የፕላስቲክ ሽታ፣ ቀጥሎ ጨለማ። ፊውዙም አብሮ ሄደ። መብራቱ ግን አልተጣለም። አክስቴ ለበዓል በመጣች ቁጥር ዛፉ ላይ ይጠመጠማል፤ ለምን እንደማይበራ ስትጠይቅ «ኮረንቲው አንሶት ነው» ትባላለች።

ስለ በረዶው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ በረዶ የሚወርደው ክረምት ላይ ቆርቆሮ እየደበደበ ነው፤ ታኅሣሥ ያለው ፀሐይና የሌሊት ብርድ ነው። የላስቲክ ዛፋችን ላይ ያለው በረዶ የመጣው ከፋርማሲ ነው። እናቴ ጥጡን በጣቶቿ እየበጠሰች፣ እንደምትፈትል ሰው አሳስታ በየቅርንጫፉ ታኖረዋለች። ጥር ላይ ለቅማ ወደ መጣበት ላስቲክ ስለምትመልሰው በረዶው ዛሬ የሻይ በወተት መልክ ይዟል።

አባቴ የሌላ አስተሳሰብ ተከታይ ነው፤ ለበዓል የሚበቃው ቄጤማ ነው ባይ። ቄጤማ ጠዋት ይነሰነሳል፣ ይረገጣል፣ ይሸታል፣ በሦስተኛው ቀን ይጠረጋል። አይጠቀለልም፣ ወንበር አያስወጣም። ይሁን እንጂ ከሳይንስ አንጻር ቅርስ የማይተው ባህል ለተመራማሪ አይመችም። ክርክሩ በየዓመቱ ቄጤማውም ዛፉም እንዲኖሩ በመወሰን ይዘጋል።

የካርቶኑ ወለል ላይ በሲጋራ ብርማ ወረቀት የተለበጠ ኮከብ ተገኝቷል። አምስት ጫፍ ነበረው፤ አራት ቀርቶታል። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የሠራሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ እሱ እንደሠራው ይናገራል፤ አቋሙ በማስረጃ የተደገፈ አይደለም። አባቴ ሲጋራ ካቆመ በኋላ ተመሳሳይ ቅርስ አልተመረተም።

የዘንድሮው የመስክ ሥራ የተጠናቀቀው በጥምቀት ማግስት ነው። ዛፉ እየተፈታ ሳለ የወንድሜ ልጅ አምና ሾላ ገበያ የተገዛውን ቀይ ኳስ ወለል ላይ ጣለው። እናቴ አልተቆጣችም። ስብርባሪውን በመዳፏ ሰበሰበች፤ ከጎኗ ከተከመሩት ወረቀቶች አንዱን አነሣች፤ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በእጇ ተኮሰችው፤ ጠቅልላም ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው። ወንበሩን ለመያዝ ስጠጋ የጋዜጣውን ቀን አየሁት። 1989 ይላል።