የቱርቦ ሞተር ትንፋሽ

ካምፓላ ሱባሩ ትወዳለች። ማታ ካባላጋላ፣ ጋባ መንገድ ዳር ቆማችሁ ከሆነ መኪናው ሳይታያችሁ ያ የታወቀው ጉርምርምታ ቀድሞ ይደርሳችኋል። ፍቅሩ ከራሊ የመጣ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ንግሥ መታሰቢያ የተጀመረው የሳፋሪ ራሊ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን ያካልል ነበር። በ1995 ደግሞ ኮሊን ማክሬ በሱባሩ ኢምፕሬዛ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

የእኔዋ ጃፓን ውስጥ ተነድታ የመጣች ባለ ቱርቦ ፎሬስተር ናት። ፒስተኖቿ ግራና ቀኝ የተጋደሙ ናቸው። ዘይት መብላት ስትጀምር አንድ የአገሬ ልጅ መካኒክ የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ፈትቶ ጣቱን ሰደደ፤ ጣቱ በዘይት ተለውሶ ወጣ።

«ጋሼ፣ ኮምፕሬሽን ለክቻለሁ፤ የፒስተኖቹ ፋሻ ደህና ነው። የተነፈሰችውን ዘይት ነው መልሳ የምትውጠው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነዳጅ ሲቃጠል ጥቂት ጋዝ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መሀል ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል። ይህ ጋዝ መውጫ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ መኪና ሠሪዎች አየር እንዳይበክል ብለው ተመልሶ እየተሳበ እንዲቃጠል አደረጉት። ጋዙ ግን የዘይት ጉም ይዞ ነው የሚመጣው። ጉሙ በቱርቦው አፍ ገብቶ የሚገባውን አየር የሚያበርደውን ኢንተርኩለር ከውስጥ ይለብጠዋል፤ ከነዳጁ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ሞተሩ እንዲያንኳኳ ያደርገዋል። መፍትሔው በመንገዱ ላይ ጉሙን የሚያስቀር ጣሳ መግጠም ነው፤ ካች ካን ይሉታል።

መሀል ከተማ ካለ ሱቅ የተገዛው ጣሳ ያብረቀርቅ ነበር። የገጠመልኝ ሰው አብሮት የመጣውን ስስ ቱቦ በቱርቦው አጠገብ አሳልፎ አሰረው። ቅዳሜ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ወደ ጂንጃ ጉዞ ጀመርን።

ማቢራ ጫካ ሳንደርስ ናማዎጆሎ ላይ ቆምን። በእንጨት የተሰካ የዶሮ ጥብስና ጎንጃ፣ ማለትም የተጠበሰ ሙዝ፣ የያዙ ሻጮች መስኮታችንን ከበቡት። አንዲት ሻጭ ግን ዶሮዋን ትታ ወደ ኮፈኑ ጠቆመች። ይጨስ ነበር!

ስከፍተው የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተገፍቶ ወጥቷል፤ ዘይቱ በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ይንጠባጠባል። ስሱ ቱቦ በሙቀት ልሞ በቱርቦው ስበት ተጣብቋል። ጋዙ መውጫ ሲያጣ በመለኪያው ቀዳዳ ገፍቶ ወጣ ማለት ነው። ትንሽ ብንቀጥል የዘይት ማገጃ ጎማዎቹን ይገፋቸው ነበር፤ እሳትም ሩቅ አልነበረም። መኪና ጎታቹ እስኪደርስ ያቺ ሴት ልጆቼን ጥላ ሥር አስቀምጣ ጎንጃ አበላቻቸው፤ ገንዘብ ስሰጣት እንቢ አለች። ዛሬም አመሰግናታለሁ።

ካምፓላ ተመልሰን ጣሳውን ስንከፍተው ውስጡ ባዶ ነው። ጉም የሚያርፍበት ነገር ካላገኘ እንደገባ ይወጣል። መካኒኩ ካትዌ ወደሚገኝ ብየዳ ቤት ወሰደኝ። ካትዌ ብረት ለሚያውቅ ሰው የጥበብ ሰፈር ነው። ባለሙያው ላሜራ ቆርጦ፣ በጥቃቅኑ በስቶ፣ በጣሳው ውስጥ ደረጃ በደረጃ በየደ። በመሀሉ የማይዝግ ሽቦ ጠቀጠቀና ቁራጩ ተነቅሎ ወደ ቱርቦው እንዳይሳብ ከላይም ከታችም በተበሳው ላሜራ አፈነው። ከኪሴካ ገበያ ዘይትና ሙቀት የሚችል ወፍራም ቱቦ ገዛን፤ ጣሳውንም ከቱርቦው አርቀን አሰርነው።

በኋላ ስንከፍተው ዘይት፣ ውኃና የነዳጅ ሽታ የተቀላቀለበት ነጣ ያለ ቡናማ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ነበር። ያ ሁሉ ቱርቦው ውስጥ ሊገባ ነበር።

ባለ ቱርቦ መኪና ያላችሁ ወገኖቼ፣ መጀመሪያ ኮምፕሬሽን አስለኩ፤ ያለቀ ፋሻን ጣሳ አያድነውም። ጣሳ ስትገዙ ውስጡን ሳታዩ አትክፈሉ። ቱቦው እንዳይታጠፍና እንዳይግል ተቆጣጠሩ፤ ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር ጣሳውን አፍስሱ፤ ያፈሰሳችሁትንም ወደ ሞተሩ አትመልሱ። የሞተርን ትንፋሽ ማጣራት ይቻላል፤ መዝጋት ግን በጭራሽ አይቻልም።