እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ እሑድ ከሰዓት ገብቶ ልጅ ሲያለቅስ የሰማ ካለ ይመስክር። የለም። ስልኩ ሃይላንድ ውሃ ተደግፎ ይቆማል፤ የሦስት ዓመቱ ጌታ ዓይኑን ይተክላል፣ አፉን ይከፍታል፤ እናት ታጎርሳለች። ምን እንደሚበላ አያይም፣ ጠገብኩም አይልም። ቪዲዮው እስኪያልቅ መብላት ነው፤ ቪዲዮው ደግሞ አያልቅም። ጎን ያለው ጠረጴዛ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ይላል። የድሮዎቹ አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ሰላም ሲሏቸው ብድግ ብለው አጸፋ የሚመልሱ ቅብጥብጦች ነበሩ። ፕሮግራሙም ያልቅና ወደ ደጅ ይበትናቸው ነበር። የዛሬው ማንም ቢጠራው ብድግ አይል።

ይህን ሥልጣኔ የማይወዱ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ እንዳያይ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ፣ ቢያንስ ለ180 ደቂቃም እንዲንቀሳቀስ መከረ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የኖረ ሰው እንዲህ አይጽፍም። የት ይንቀሳቀስ? ግቢው መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ኳስ የያዘ ልጅ የጎረቤት ቪትዝ ይጭራል። (ሽሙጡን ላንድ አፍታ ልተወውና፣ እዚህ ላይ ወላጅ እውነት አለው፤ ሜዳውን የወሰደው ስልክ አይደለም።) የዓይን ሐኪሞችም ደጅ የሚውል ልጅ ሩቅ ማየት የመሳን ዕድሉ ያነሰ ነው ይላሉ። ይበሉ። የ13 ወር ፀሐያችን ለቱሪስት ነው፤ ለልጁ መነጽር ይገዛለታል።

ትልቁ ትርፍ እንግሊዝኛው ነው። ቀለማቱን፣ ቁጥሩን፣ ዳይኖሰሩን በአሜሪካ ቅላጼ ይጠራል። አያቱ ከደብረ ማርቆስ መጥተው «ና የኔ ጌታ፣ ሳመኝ» ሲሉት እናት በኩራት ጣልቃ ትገባለች፤ «እማዬ፣ አማርኛ እኮ አይሰማም!» እንግሊዝኛስ ይሰማል ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሲጠማው የሠራተኛዋን እጅ ይዞ ወደ ፍሪጅ ይጎትታል እንጂ በየትኛውም ቋንቋ ውሃ አይልም። ሕፃን አፉን የሚፈታው ሲንተባተብ የሚመልስለት፣ ሲሳሳት የሚስቅለት ሰው ሲያገኝ ነው፤ ስልክ ይናገራል እንጂ ተራ አይሰጥም። እኛ ደግሞ ደክሞናል። ከመገናኛ መንገድ መዘጋጋት ገና መግባታችን ነው፤ የራሳችንንም ስልክ አላየነውም።

አራት ዓመት ሲሞላው መዋዕለ ሕፃናቱ «ሐኪም አሳዩት» ብሎ ይመልሰዋል። ጆሮው ይታያል፣ ጤነኛ ነው። በሰዓት የሚከፈላት የንግግር ባለሙያ ትመጣለች። ምንጣፍ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ኳስ ታንከባልላለች፤ «ኳስ! ስጠኝ!» ትላለች፤ እስኪመልስላት ትጠብቃለች። ሠራተኛዋ በር ላይ ቆማ ታያለች። ይህንኑ በነጻ ስትሠራው «አትረብሺው፣ ስልኩን ስጪው» የተባለችው እሷ ናት።

ባለሙያዋ ስትጨርስ ለወላጆቹ የቤት ሥራ ትሰጣለች፦ ስልኩን አስቀምጣችሁ በየቀኑ አጫውቱት፣ አዋሩት። አባት ራሱን እየነቀነቀ በጥሞና ይሰማል።

«በጣም ጥሩ» ይላል፤ «በቪዲዮ ቢልኩልንስ? እያየ ይለማመዳል።»