ቅዳሜና እሑድ ፓስ አዌይ አደርጋለሁ

ነገሬን በምስጋና ልጀምር። የዛሬ ዓመት ተኩል ቤታችን አራት ነበርን፤ ዛሬ ስንት እንደሆንን የሚያውቅ የለም። የእኅቴ ልጅ ሥራ ፍለጋ ከደሴ መጥቶ እኔ ቤት ካረፈ ወዲህ፣ ጠዋት ቡና ሳይፈላ ከስልኩ ውስጥ «ሰላም ጤና ይስጥልኝ ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች» የሚል ድምፅ ይወጣል። ቀጥሎ «ገና ቤተሰብ ያልሆናችሁ ቤተሰብ ሁኑ» ይባላል። ድሮ ሰው ቤተሰብ ለመሆን ሽማግሌ ይልክ ነበር፤ ጥሎሽ ይጥል ነበር፤ ቢያንስ ቢያንስ ልቅሶ ይደርስ ነበር። አሁን አንዲት ቁልፍ መጫን ይበቃል። ደወሏንም የነካማ የሥጋ ዘመድ ነው።

ልጁ የሚማረው ፍሬዛል ቨርብ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ ዩኒቨርሲቲውንም በእንግሊዝኛ ጨርሶ፣ እንግሊዝኛ አለመቻሉን ያወቀው ሥራ ሲፈልግ ነው። በእርሱ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለምና አልፈርድበትም። ታዲያ አንድ ቀን ስልኩ «የእንግሊዝኛ ምስጢሩ ፍሬዛል ቨርብ ነው፤ ይህን ምስጢር እስከዛሬ ማንም አልነገራችሁም» አለው። ልጁም ምስጢሩን ይዞ ክፍሉን ዘጋ።

ለማያውቅ ላስረዳ። እንግሊዞች አንድ ለፍቶ አደር ግስ ያነሡና አፕ፣ ኦፍ፣ አውት፣ ኦቨር የምትል ጭራ ከኋላው ይቀጥሉበታል። ግሱም ወዲያው ዘመዶቹን ይክዳል። «ጊቭ» መስጠት ነበር፤ «ጊቭ አፕ» ሲሆን የሚሰጠው የለውም፣ ተስፋ ቆርጦ ቁጭ ይላል። «ሉክ» ማየት ነበር፤ «ሉክ አፍተር» ሲሆን ሞግዚት ሆኖ ይቀጠራል። ይህ ዛሬ የተፈጠረ ጣጣ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ዝነኛውን መዝገበ ቃላቱን ሲያሳትም፣ ባዕድ ሰውን እጅግ የሚያስቸግረው ይኸው የጭራ ነገር መሆኑን በመቅድሙ ላይ ጽፎ ነበር። ያኔ ነገሩ ስም እንኳ የለውም። ፍሬዛል ቨርብ የሚለው ስም አደባባይ የወጣው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ነው፤ እርሱም ቃሉን ያገኘሁት ከኦክስፎርዱ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከሄንሪ ብራድሊ ነው ይላል። እንግዲህ 170 ዓመት ሙሉ ስም ሳይወጣለት ሰው ሲያሳስት የኖረ ነገር ነው። ጆንሰን መዝገበ ቃላቱን እስኪጨርስ ዘጠኝ ዓመት ግድም ፈጅቶበታል። ምስኪን! በዚህ ዘመን ቢሆን በስምንት ደቂቃ ይገላገል ነበር።

ስምንት ደቂቃ ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ መካከሉ ላይ ማስታወቂያ እንዲገባ የሚፈቅደው ስምንት ደቂቃ ለሞላ ቪዲዮ ነው፤ ቀድሞ አሥር ደቂቃ ነበር። ከማስታወቂያው ገቢ ለመካፈል ደግሞ 1000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4000 የታየ ሰዓት ይጠየቃል። እንግዲህ የእንግሊዝኛን ጥበብ ልብ በሉ፦ «ጌት» ከነልጆቹ ከነልጅ ልጆቹ በስምንት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ያልቃል፤ «ቴክ» ስምንት ደቂቃ ከዘጠኝ ሰከንድ ነው፤ «ፑት»ም በዚያው ልክ። ቋንቋው ለስፌት ተለክቶ የተሠራ ይመስላል።

አንዱን ቪዲዮ ከልጁ ጋር ቁጭ ብዬ አየሁት። መምህራችን ሰላምታ ሰጡን። እንኳን ደህና መጣችሁ አሉን። ዛሬ እጅግ ጠቃሚ ትምህርት ይዘውልን እንደመጡ፣ ትምህርቱም እጅግ ጠቃሚ እንደሆነ፣ ጠቃሚነቱም እጅግ እንደሆነ ነገሩን። ሳንዘል እስከ መጨረሻው እንድናይ አደራ አሉ፤ መጨረሻው ላይ ስጦታ አለ። (ስጦታው ወደ ሌላ ቪዲዮ የሚወስድ ሳጥን ነው።) ከዚያ ሙዚቃ። ከዚያ አርማቸው እየተሽከረከረ መጣ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ «ጌት አፕ ማለት ከእንቅልፍ መነሣት ማለት ነው» ተባለ፤ እኔ ግን በዚያን ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።

ይህ እንግዲህ የጀማሪው ነው። የበረታው ተማሪ «500 ፍሬዛል ቨርብ በ1 ሰዓት» ወደሚለው ይሻገራል። ሒሳቡን ሠራሁት፦ ለእያንዳንዱ 7.2 ሰከንድ ይደርሰዋል። በሰባት ሰከንድ ቃሉ ሁለት ጊዜ ይነበባል፣ በአማርኛ ይፈታል፣ ምሳሌ ይሰጠዋል፤ በቀረችው ሽርፍራፊ ለዘላለም ይታወሳል። ልቅሶ ቤት ገብታችሁ አምስት መቶ ለቀስተኛ በሰባት ሰባት ሰከንድ እያስተዋወቁ የሁሉንም ስም ያዝ እንደማለት ነው፤ ያውም ግማሾቹ ጌት፣ ግማሾቹ ቴክ የሚባሉ መንትዮች። ለዚህም ጊዜ የሌለው አልተረሳም፤ ከበስተጀርባ ዝናብ እየዘነበ ሌሊቱን ሙሉ የሚያንሾካሹክ «ተኝታችሁ ተማሩ» የሚል አለለት። የእኅቴ ልጅ ሁለት ሳምንት ተኝቶ ተማረ። ለውጥ አላየሁበትም ማለት አልችልም፤ እንቅልፉ በጣም ተሻሽሏል።

ሦስት ደብተር ሞልቷል። በሰማያዊ ፍሬዛል ቨርቡ፣ በቀይ አማርኛው፣ መካከል ላይ በማስመሪያ የተሰመረ መስመር። ንጽሕናው ያስቀናል። ጉዱ ያለው ከቀዩ ጋር ነው። መምህራችን ለእያንዳንዱ አንድ የአማርኛ ቃል ብቻ ይመድባሉ፤ አማርኛ ደግሞ እንደምታውቁት አንድ ቃል ሰጥታችሁት በአንድ ትርጉም የሚቀመጥ ቋንቋ አይደለም። «ፑት ኦፍ፦ ማራዘም» ይላል ደብተሩ። ቀጠሮ ማራዘም ማለታቸው ነበር፤ ልጄ ግን ከውጭ የመጣላት ቀሚስ አጥሮባት «ማራዘም በእንግሊዝኛ ምንድነው?» ብትለው «ፑት ኦፍ» አላት፣ ደብተሩን ገልጦ። «ጊቭ አፕ፦ ማቆም» ይላል። ሲጋራ ማቆም ነው መሰለኝ። ልጁ ግን ታክሲውን ሁሉ ጊቭ አፕ እያደረገ ይሳፈራል።

በመጨረሻ ቀኑ ደረሰ፤ አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራው። የሆነውን ማታ ራሱ ነገረኝ፤ ያውም ደረቱን ነፍቶ፤ በአንድ ቃለ መጠይቅ ሰባት ፍሬዛል ቨርብ ተጠቅሜአለሁ እያለ።

ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዷ ለስለስ ባለ ጥያቄ ጀመሩ፤ የዕረፍት ቀንህን እንዴት ታሳልፋለህ አሉት። ልጁ የደብተሩን ቀይ ዓምድ በልቡ ገለጠ። ዕረፍት፣ ማረፍ። «ፓስ አዌይ፦ ማረፍ»።

«ኦን ዊክኤንድስ አይ ፓስ አዌይ አት ሆም» አለ።

ሴትዮዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ኤቭሪ ዊክኤንድ?»

«የስ። ዊዝ ማይ አንክል።»

እኔን ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ ከአጎቴ ጋር ቤታችን ውስጥ እንሞታለን እያለ ነው። መምህራችን አልዋሹም፤ በአማርኛ ትልልቅ ሰዎች አይሞቱም፣ ያርፋሉ። ግን አውሮፕላንም ያርፋል፣ እንግዳም ያርፋል፣ ሠራተኛም ምሳ ሰዓት ላይ ያርፋል፤ ይህን ለመናገር ስምንተኛ ሰከንድ ያስፈልግ ነበር።

ቀጠሉ። የቀድሞ ሥራህን ለምን ተውክ? «አይ ብሮክ አፕ ዊዝ ማይ ማናጀር።» መለያየት ነው የተባለው፤ የፍቅረኞች መለያየት መሆኑን ማን ነግሮት? ከኛ ምን ትጠብቃለህ ሲሉት ደግሞ ደመወዜን ብሪንግ አፕ ብታደርጉልኝ አለ፤ «ብሪንግ አፕ፦ ማሳደግ»። ደመወዙን ጡት አጥብተው፣ አስከትበው፣ ትምህርት ቤት አስገብተው እንዲያሳድጉለት መለመኑ ነው። በእውነቱ ለዛሬ ደመወዝ ከዚህ የተሻለ ልመና አላውቅም።

አሁን አንዳንድ ነገር ቆጣሪ ምሁራን ነገሩ እንዲህ አይደለም ይላሉ። ሁለት ተመራማሪዎች፣ ጋርድነርና ዴቪስ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት 100 ሚሊዮን ቃላት ያለውን የብሪታንያ የጽሑፍና የንግግር ስብስብ ፈትሸው ነበር። ያገኙት፣ ፍሬዛል ቨርብ ከታየበት ስፍራ ሁሉ ከግማሽ የሚበልጠውን 100ዎቹ ብቻ ይሸፍኑታል፤ 25ቱ ብቻ ሲሶ የሚጠጋውን ይይዛሉ። ታዲያ እያንዳንዱ በአማካይ ከአምስት በላይ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ጋርኒየርና ሽሚት የሚባሉት 150 ፍሬዛል ቨርቦች መርጠው ሊታወቁ የሚገባቸውን 288 ትርጉሞች ዘረዘሩ። ይህ ማለት ጥቂቶቹን ይዞ ሆዳቸውን መመርመር ይሻላል ማለት ነው፤ የኛ መምህር የሚያደርጉት ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው፦ አምስት መቶውን ሰብስቦ ለእያንዳንዱ አንድ ትርጉም። ግን ምሁራኑ ቻናል የላቸውም። ደወልም የላቸውም። ማን ይስማቸው?

ሌላም ነገር አለ። እስራኤል ውስጥ ዳጉትና ላውፈር እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት ጥናት፣ ዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ፍሬዛል ቨርብን አይተው እንዳላዩ እንደሚያልፉትና በምትኩ አንድ ወጥ ግስ እንደሚመርጡ ያሳያል። ምክንያቱን ሲያስረዱ ዕብራይስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለውምና ነው አሉ። ዕብራይስጥ የአማርኛ የሩቅ ዘመድ ነውና እኛም ያው ነን ልል ነበር፤ ግን የገዛ አፌን ሳዳምጥ ደነገጥኩ። ጭራማ ሞልቶናል!

«አለፈ»ን ውሰዱ። ተማሪው ፈተናውን አለፈ። ጎረቤቱ ቤት ሠራ፣ መኪና ገዛ፤ አለፈለት። መድኃኒቱ ቀኑ ሄዷል፤ አለፈበት። ታክሲው ሞልቶ ነበር፤ አለፈው። የሰውም ሕይወት ያልፋል፤ ያው ፓስ አዌይ። ለት፣ በት፣ ው፤ ከአፕና ከኦፍ በምን ያንሳሉ? «ገባ»ም እንደዚሁ ነው፦ ገባው፣ ገባበት፣ ቃል ገባለት። እስቲ «50 የበት እና የለት ግሶች በስምንት ደቂቃ» የሚል ቪዲዮ አይታችሁ አማርኛ የተማራችሁ እጃችሁን አውጡ። የለም። አለፈለትን የተማርነው እናቶቻችን መስኮት ላይ ቆመው የሰው ልጅ መኪና ሲያቆም እያዩ «አለፈለት!» ሲሉ ነው፤ ቃሉ ከመኪናው፣ ከቅናቱና ከትንፋሹ ጋር ገባን። አለፈበትን የተማርነው ወተቱን ቀምሰን ፊታችንን አጨማደን ነው።

ደግሞ እኮ በጓዳ በር ስንቱ ገብቷል! ልጄ በቀን ሁለት ጊዜ ሜካፕ ትቀባለች፤ ባለቤቴ ሆስፒታል ቼካፕ አላት፤ ጎረቤታችን ፒክአፕ ይነዳል፤ ካፌው ቴክ አዌይ ይሸጣል። ሁሉም ከነጭራቸው የመጡ ናቸው፤ ማንም በሰማያዊና በቀይ አልጻፋቸውም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአክስቴ ልጅ ታክሲ እየነዳ ልጆቹን ያስተምራል። ሲደውል «ሰውዬውን ከኤርፖርት ፒክ አፕ አድርጌ ሆቴል ድሮፕ ኦፍ አደረግኩና ገና አሁን ቤት ገባሁ» ይለኛል። ስንት ፍሬዛል ቨርብ ታውቃለህ ብለው ያ ደግሞ ምንድነው አለኝ። አሳዘነኝ። ቤተሰብ የለውም መሰለኝ።

የእኅቴ ልጅ ከቃለ መጠይቁ በኋላ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ሳምንት ጠበቀ። መልሱ በአጭር መልእክት መጣ፤ ስለ ጊዜው አመስግነው ሌላ ሰው መቅጠራቸውን ገለጹ፤ ትሕትናው ልብ ይነካል፣ አንድም ፍሬዛል ቨርብ የለበትም። ልጁ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ደብተሩን ከትራሱ ሥር አወጣ። አራተኛ ደብተር መግዛት እንዳለበት ሲነግረኝ ስልኩ ጮኸ።

እናቱ ናት፣ ከደሴ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስለምታወራ ከሳሎኑ ማዶ ይሰማኛል።

«ልጄ፣ ፈተናው እንዴት ሆነ? አለፍክ?»

ልጁ ትንሽ ዝም አለ።

«አለፈኝ፣ እማዬ» አላት።