እቁብ የወጣልኝ ሰሞን

የእንቁጣጣሽ ሎተሪ ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ ጠባዬ መበላሸቱ ባልገረመኝ። የደረሰኝ ግን እቁብ ነው። ለ50 ሆነን በሳምንት 4,000 ብር የምንጥለው እቁብ ገና በ3ኛው እሑድ ወጣልኝ። ከ200,000 ብሩ የኔ 12,000 ብቻ ናት፤ የቀረው 47 ሳምንት የሚገፋ ዕዳ ነው። ጸሐፊው ይህንን ነግሮኝ ይሆናል፤ እኔ ብር እየቆጠርኩ ነበር።

የ200 ብር ኖት በ2013 ዓ.ም. መውጣቱ ለሀብታም ምን ያህል እንደበጀ የገባኝ ያን ቀን ነው። በመቶ ብር ቢሆን 20 እስር በፌስታል ልሸከም ነበር፤ አሁን 10 እስር ሆኖ ጃኬቴ ውስጥ ገባልኝ። ደረቴ ተነፋ። ጠዋት የተጋፋሁበት የታክሲ ሰልፍ ቀፈፈኝና ራይድ ጠራሁ። ለሾፌሩም በወፈረ ድምፅ ስለ ቦሌ መሬት አወራሁለት። "አሁን እንዳትገዛ" ብዬ መከርኩት።

ብሩስ ሰኞ ዕለት አለቀ፤ ለ6 ወር የቤት ኪራይ ቅድሚያና ለቆየ ብድር። ኩራቱ ነው አላልቅ ያለው። ረቡዕ ማታ ሽሮ ቢቀርብልኝ "ሥጋ የለም?" አልኩ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ።

"ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው። ለሀብታም ጾሙ ተነሣ እንዴ?"

ስልክ የሚደውል ሁሉ ሊበደረኝ መሰለኝ። አክስቴ ደውለው "እንደምን አደርክ ልጄ" ሲሉኝ፣ "ትንሽ ቸግሮኝ" እስኪሉ ጆሮዬን ቀስሬ ጠበቅኩ። ለካ የሚካኤልን ጸበል ጻድቅ ቅመስ ሊሉኝ ኖሯል።

ሐሙስ ደግሞ ለእቁቡ ዋስ የሆነኝ አብሮ አደጌ 4 ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም። ብር ሸተተው! ከልቤ አዘንኩ፤ ሰው እንዲህ ይለወጣል?

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

"ስንት ፈልገህ ነው?" አልኩት፣ በዚያው በወፍራሙ ድምፅ።

"አራት ሺህ።"

"ለምንህ?"

"ለኔማ አይደለም፤ የዛሬው እቁብህ ነው። ዳኛው ካልከፈለ ካንተ እንቀበላለን ብሎኛል። ስደውል አታነሳም።"

ኪሴን ዳበስኩ።

"ሁለቱን ሺህ ትሞላልኛለህ?" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነበር።