ገድለ ዲኤክስ ዘአምቦ

በአገራችን የቅዱሳን ገድል የሚጻፍበት ሥርዓት የታወቀ ነው፤ ልደቱ ይቀድማል፥ ተጋድሎው ይከተላል፥ ተአምራቱና ቃል ኪዳኑ በየተራ ይነገራሉ፥ በፍጻሜውም ዕረፍቱ ይተረካል። እኔም በአምቦ ከተማ፥ በጎረቤቴ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ስለምታድረው ስለ ብፅዕት ዲኤክስ ይህንኑ ሥርዓት ተከትዬ ልጽፍ ብዕሬን ባነሣ፥ ልደቷም ተጋድሎዋም ተአምራቷም ሞልተው ሲተርፉ ዕረፍት የሚባለው ምዕራፍ ብቻ ጠፍቶብኝ ቀረ። ባለቤቷ እንደሚያስተምረን ከሆነ ይህች ቶዮታ ኮሮላ እንደ ሄኖክና እንደ ኤልያስ ሞትን ሳታይ የምትኖር ናትና፥ «መቼ ትለወጣለች?» ብሎ መጠየቅ ከድፍረት አልፎ ወደ ክሕደት የሚያደርስ ነገር ነው።

ልደቷ በጃፓን ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ከፋብሪካ ወጥታ፥ ስንት እጅ እንደ ተቀባበላት ሊብሬዋ ብቻ እያወቀ ለጎረቤቴ በደረሰች ጊዜ፥ ከተፈጥሮዋ የቀረላት ጣሪያዋና ስሟ ነበሩ፤ ሌላው አካሏ ሁሉ ከሶማሌ ተራ የተለቀመ፥ በላሜራ የተጣፈና በስቱኮ የተለሰነ ነው። ሁለንተናዋ ከተለወጠ በኋላ ያቺው ናት ወይስ ሌላ ናት ብለው ሊቃውንት ጉባኤ ቢቀመጡ ክርክሩ አያልቅላቸውም ነበር፤ ጎረቤቴ ግን ምሥጢሩን በአንድ ቃል ይፈታዋል፤ «ታርጋዋ ያው ነው» ይላል።

ተአምራቷን ከአምቦ ወደ ጊንጪ በሚያወጣው አቀበት የተጓዘ ሁሉ መስክሮላታል። አንድ ቀን ራዲያተሯ እንደ ሽሮ ድስት ሲንተከተክበት፥ ጎረቤቴ ውሃ ፍለጋ ወደ ወንዝ መውረዱ ቢታክተው፥ ለመንገድ የያዘውን የአምቦ ውሃ ከፍቶ አጠጣት፤ እርሷም አገሳችና ተነሣች። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ጠበሏ ይኸው ሆነ። በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን በሙቀት ጊዜ እንደ ኖራ እየረጋ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቧንቧዎች እንደሚደፍን፥ ቧንቧው በተደፈነ ቁጥርም ሞተሩ መልሶ እንደሚፈላ፥ በፈላ ቁጥርም ሌላ ጠበል እንደሚያሻው መካኒኩ ቢያስረዳው፥ «ሆድን የሚያፍታታ ውሃ ብረትን እንዴት ይደፍናል?» ብሎ ረታው።

መካኒኩም ቢሆን ክርክሩን ያለ ቅሬታ ተረትቶ ወደ ሥራው ተመለሰ እንጂ አልተከፋም፤ የሚፈላ ሞተር ለሚጠግነው የሚፈላ ድስት ነውና። ባየው ቁጥር «ጋሼ፥ ይቺን ብቻ እንቀይርላትና ከዚህ በኋላ አትነካም» ይለዋል። ይህች «ብቻ» የተባለች ቃል ባለፈው ዓመት ብቻዋን ሆና አላደረችም፤ የጎረቤቴን ደብተር ባይ፥ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ፥ ካርቡሬተር አራት ጊዜ፥ የፒስተን ፋሻ፥ ማርሚታ፥ ካንዴላ፥ ኩሽኔት፥ ደግሞም «ልዩ ልዩ» የተባለ ምንነቱ የማይታወቅ ዕቃ በየወሩ ተጽፎበታል። ሒሳቡ በንጹሕ እጅ፥ በቀንና በወር ተለይቶ የሰፈረ ሲሆን የጎደለው ከግርጌው ድምሩ ነው። «ለምን አልደመርከውም?» ብዬ ብጠይቀው፥ ድምር ሰውን ያስደነግጣል እንጂ መኪና አይጠግንም አለኝ። እውነቱን ነው። ያ ገንዘብ በየወሩ ተጠራቅሞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለመለወጫ የሚሆን መነሻ ይገኝ ነበር ብሎ ማሰብ፥ መደመርን የሚጠይቅ ኃጢአት ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ የባሰ ድፍረት ደፍሬ፥ በከተማ ውስጥ ባጃጅና ጋሪ እንዳለ፥ አዲስ አበባ ለመሄድም ዶልፊንና አባዱላ ከመናኸሪያ እንደማይጠፋ፥ የዓመቱ ጥገና የዓመቱን መሳፈሪያ ሁሉ ችሎ እንደሚተርፍ ነገርሁት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ካየኝ በኋላ «ባለ መኪናው ይሉኛል እኮ» አለ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

በሰው አገር መኪና ከፋብሪካ በወጣች ማግስት ዋጋዋ መውደቅ ይጀምራልና፥ ባለቤቷ የሚያሰላው የጥገናው ወጪ ከዋጋዋ የሚበልጥበትን ቀን ነው። በእኛ ዘንድ ግን ያ ቀን እንደ ምጽአት ነው፤ መምጣቱ አይቀርም ይባላል፥ ሲመጣ ያየ የለም። መንግሥት ያረጀ መኪና ከውጭ እንዳይገባ ብሎ በ2012 ዓ.ም. በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ በቆየው ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ቢጥልበት፥ በደጅ ያለው አሮጌ ተከለከለና በግቢ ያለው አሮጌ ነገሠ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና አይገባም በተባለ ጊዜ ጎረቤቴ ዲኤክሷን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ከእንግዲህ ዘሯ ከባሕር ማዶ የማይመጣ፥ የቀረች ቅርስ ሆናለችና። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሬው ተመን ለገበያ ሲለቀቅና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ሲያልፍ፥ ደላላው ለዲኤክሷ የጠራላት ዋጋ ከገዛበት ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ዕለት ጎረቤቴ ነጋዴ ሆኜ ተገኘሁ ብሎ ለሰፈሩ ቡና አስፈላ። የወደቀው ብሩ ነው እንጂ የወጣችው እርሷ አይደለችም ብዬ ደስታውን ላፈርስበት አልወደድሁም። ሸጦ በገንዘቡ የሚገዛት ሌላ መኪና ብትፈለግ ግን የተገኘችው አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርሷም ሌላ ዲኤክስ።

ጎረቤቴ ታሪክ ዐዋቂ ስለሆነ ከነገሥታትም ምስክር ይጠራል። ዳግማዊ ምኒልክ የማገዶ እንጨት ባለቀባቸው ጊዜ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቆርጠው ቤተ መንግሥት ካስጀመሩ በኋላ፥ ባሕር ዛፍ ደርሶ ነባሯ አዲስ አበባ እንደ ጸናች፥ የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ለማርያም ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ እየጠቀሰ፥ «ንጉሡ እንኳ ሊለውጡ አስበው ጠግነው ኖሩ» ይላል። ንጉሡ ዛፍ መትከላቸውን ግን አይጨምርበትም፤ እርሱ እስከ ዛሬ የተከለው የለምና።

ቃል ኪዳኗ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ፥ በቦሎ ወቅት ይፈጸማል። በዋዜማው ሌሊት ጥሩ ጎማ ካለው ሰው ጎማ ይወሰዳል፥ የሚበራ መብራት ካለው መብራት ይለመናል፥ ዲኤክሷም የሰርግ ልብስ እንደ ተዋሰች ሙሽራ ተውባ ለምርመራ ትቀርባለች፤ ከሰዓት በኋላ ተለጣፊው ከመስታወቷ ይለጠፋል፥ ማታ ጎማው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ፍሬኗ ሦስት ጊዜ ካልተረገጠ እንደማይዝ የሚያውቀው ጎረቤቴ ብቻ ነው፤ ባለፈው ጥምቀት ማግስት ወደ ጉደር ቁልቁለቱን ሲወርድ የኋላ ወንበር ላይ አራት ዘመድ ጭኖ ነበር፥ እነርሱም እየዘፈኑ ስለ ነበር አንደኛው ርግጫና ሁለተኛው ርግጫ አልተሰማቸውም። እርሱ በፍሬን ሸራ ያተረፈውን ብር እነርሱ ሳያውቁት አብረው በነፍሳቸው አዋጥተውለታል፤ እንዲህ ያለ ዕቁብ በሌላ አገር ይኖር እንደሆነ አላውቅም።

ትናንት ማታ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት ጎረቤቴ ክሪክና የጎማ ቁልፍ ይዞ ቆሟል፤ ቦሎው ነገ ጧት ነው። «ወንድሜ፥ የፊት ሁለቱን» አለኝ። ልከለክለው አልቻልሁም፤ በእኔዋ ዲኤክስ ፊት ያሉት ሁለት ጎማዎች ባለፈው ወር በራሴ ቦሎ ዋዜማ ከእርሱ የተዋስኋቸው ነበሩና፥ ፋኖስ ይዤለት ወጣሁ።