እማዬ፣ ኔትወርኩ አልነበረም

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽና ከግራ ጆሮዬ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ የጆሮ ጉዳይ በስልክ ስለማይወራ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ “ኧ? ምን አልሽ? ኔትወርኩ እኮ ነው!” ስልሽ የነበረው ውሸት ነው። ኔትወርኩ አልነበረም።

የነቃሁት በታክሲዬ ውስጥ ነው። ዋይት ሐውስ አጠገብ 15ኛው ጎዳና አድርሰኝ ያለኝን ሰው ወንዝ አሻግሬ 50ኛው ጎዳና ይዤው ሄድኩ። ሰውየው ስንደርስ የነገረኝን ግን ጥርት አድርጌ ሰማሁት።

ሐኪም ቤት ደውዬ “ምርመራው ስንት ነው?” አልኩ። “እንደ ኢንሹራንስህ ነው” አሉኝ። ኢንሹራንሱ ጋ ስደውል “ሐኪሙ እንደሚጽፈው ኮድ ነው።” ኮዱስ? “ከታየህ በኋላ ይታወቃል።” እኛ ሰፈር ካርድ ታወጫለሽ፣ ካሼሯ ዋጋውን ትነግርሻለች፣ ከበዛብሽ ነጠላሽን አጣፍተሽ ወደ ጠበል ትሄጃለሽ። እዚህ ዋጋውን የምታውቂው ከዳንሽ በኋላ ነው።

ብቻ ሄድኩ። በር ላይ 40 ዶላር ተቀበሉኝ። ሐኪሙ በመብራት አየና “ኩክ ሞልቶታል” ብሎ በአምስት ደቂቃ ጠርጎ አወጣው። ከዚያ በሩ እንደ ባንክ ካዝና የወፈረ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። መርማሪዋ ቀዩን ማዳመጫ ለቀኝ፣ ሰማያዊውን ለግራ አጥልቃልኝ፣ “ጢጥ የሚል በሰማህ ቁጥር ተጫን” ብላ ቁልፍ አስጨበጠችኝ። ድምፁ እየደከመ ሄዶ መስማቴን ይሁን ማሰቤን የማላውቅበት ደረጃ ደረሰ። አንቺ ታውቂኛለሽ፣ ፈተና ላይ ባዶ ቦታ ትቼ አላውቅም፤ በግምት ተጫንኩ። ለካ ሆን ብላ ዝም ትላለች! በመስኮቱ እያየችኝ “አሁን ምንም አላሰማሁህም” አለች። ስኮርጅ እንደተያዝኩ ላብ አጠመቀኝ።

ቀጥሎ የምትለውን ቃል እንድደግም አዘዘችኝ። ቀኑ የሁዳዴ ዓርብ ነው። “ሆት ዶግ።” ሆት ዶግ አልኩ። “አይስክሬም።” አይስክሬም። እህል ሳልቀምስ በአፌ ብቻ ጾሙን ፈታሁት። ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖና ልቀበል ወይስ ኢንሹራንሱ ይሸፍናል?

ውጤቱ ግራፍ ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ ከ250 ኸርዝ ጀምሮ ቀጭኑ እስከ 8000 ይሄዳል። ቀኙ በክብ፣ ግራው በኤክስ ይጻፋል። የኤክሱን ብዛት ሳይ “ይህን ሁሉ ሳትኩ?” ብዬ ልቤ ወረደ። ኤክስ እዚህ ግራ ጆሮ ማለት ነው አለችኝ። እስከ 25 ዴሲብል ያለው ጤነኛ ሲሆን የእኔ 4000 ኸርዝ አካባቢ ወደ 45 ዘጭ ብሏል። “ጫጫታ ቦታ ሠርተሃል?” ስትለኝ የወፍጮ ቤታችን ሞተር ትዝ አለኝ። ክረምት ክረምት ጤፍ ሳስፈጭ የከሰርኩት ጆሮ ይኸው ማለት ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከኢንሹራንሱ “ይህ ቢል አይደለም” የሚል ወረቀት መጣ። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ቢሉ ተከተለ። ማሙሽ፣ ደብዳቤውን ለእማዬ ስታነብላት ቀጣዩን መስመር ዝለል፤ በብርም እንዳታሰላላት። ለምርመራው 190 ዶላር፣ ለኩኩ ለብቻው 145።

ለምን አልሸፈኑም ትይኛለሽ። ዲዳክቲብል የሚሉት አለ። እድራችን በየወሩ መዋጮሽን እየተቀበለ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ለቅሶዎች ድንኳኑንም ንፍሮውንም ራስሽ ቻይ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ አለን ቢልሽ እንደማለት ነው። ልከራከር ደወልኩና ሙዚቃ ከፍተውልኝ 40 ደቂቃ ጠበቅሁ። ሙዚቃው በሁለቱም ጆሮዬ ይሰማል። በመጨረሻ በየወሩ 25 ዶላር ልከፍል ተስማማን።

ለደከመ ጆሮ የሚደረገውን የመስሚያ መሣሪያም ብዙ ሺህ ዶላር ብለውኝ ነበር፤ ያንን ኢንሹራንሴ ከነጭራሹ አያውቀውም። ደግነቱ ከጥቅምት 2015 ወዲህ፣ በፈረንጆቹ 2022 መሆኑ ነው፣ ጆሮው እንደኔ መጠነኛ ለደከመ አዋቂ ያለ ሐኪም ወረቀት ከፋርማሲ መግዛት ተፈቅዷል። ዋጋው በጣም ይቀንሳል፤ መደርደሪያው ላይም ተጽፏል። ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

አደራ፣ ከማተብሽ ጋር የምታንጠለጥያትን የብር ኩክ ማውጫሽን በሚመጣ ሰው ላኪልኝ። ሐኪሙ ጆሮህ ውስጥ ምንም እንዳትከት ብሎኛል፤ አልከትም። ታክሲዬ መስታወት ላይ ሰቅዬ 145 ዶላሬን እያስታወስኩ እነዳለሁ።

እሑድ እደውላለሁ። በቀኝ ጆሮዬ።

ልጅሽ

ማሙሽ፣ መስመሩን ዘለልከው አይደል?